ጣሳውን ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ

ቅዳሜ ጠዋት ከሩጫ በኋላ ሜዳው ላይ ለተሰበሰብነው ልጆች የተናገርኩት ነው። «ጽፈህ ገጹ ላይ ለጥፈው» ስላላችሁኝ እንደወረደ አቅርቤዋለሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ላባችሁ ሳይደርቅ ብርድ እንዳይመታችሁ ሹራብ ደርቡና ተቀመጡ።

እናቴ ጓዳ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥቁር የፕላስቲክ ጣሳ አለ። ላዩ ላይ ደረቱ የተነፋ ፈረንጅ ተስሎበታል። ውስጡ ያለው በርበሬ ነው። ክዳኑ ጥብቅ ስለሆነ ነቀዝ አያስገባም፤ እናቴ በጣም ነው የምትወደው። ጣሳው የጓደኛዬ ነበር። አብረን ተመርቀን፣ አብረን የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስንቆም የኖርን ልጅ ነው። ከነዱቄቱ በ9 ሺህ ብር ገዛው። ብሩን የላከችለት ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው እህቱ ናት፤ «ሥራ ስትፈልግ ለትራንስፖርት ይሁንህ» ብላ። ሦስት ሳምንት ጠጣው፣ አለቀ። ክንዱ እንደነበረ ነው። ሆዱ ትንሽ ጨመረ። ባዶውን ጣሳ ለእናቴ ሰጣት።

እየሳቃችሁ ነው። እኔ ግን አልሳቅኩበትም፤ ለምን እንደገዛው አውቃለሁና። ዲግሪ ይዘህ ሦስት ዓመት ቤት ስትቀመጥ የራሴ ነው የምትለው ነገር ሰውነትህ ብቻ ይሆናል። መሥሪያ ቤት አይቀጥርህም፣ ባንክ አያበድርህም፣ ቤት አከራይ አያምንህም። ብረቱ ግን ካነሳኸው ይነሳልሃል። ዛሬ 40 ኪሎ ያነሳ ሰው ከወር በኋላ 45 ያነሳል። በሕይወታችን ውስጥ ልፋትና ውጤት የተገናኙበት ብቸኛ ቦታ ጂም ሆኗል ብል ማጋነን አይመስለኝም። ሻጩ ይህን ከእኛ በላይ ያውቃል። ማስታወቂያዎቹን ልብ ብላችሁ እዩ፤ ስለ ዱቄቱ ትንሽ ነው የሚነግሯችሁ፣ ስለ እፍረታችሁ ግን ብዙ። «እስከ መቼ ቀጭን ትባላለህ?» «ሠርግሽ ሳይደርስ ሆድሽን አጥፊ!» ከዚያ «በውስጥ መስመር ያናግሩን»። ዋጋው በአደባባይ አይነገርም።

እኔ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። ሥራ አላገኘሁበትም፤ ቢያንስ ግን የጣሳ ጀርባ ማንበብ አስተምሮኛል። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈ የይዘት ዝርዝር አለ። ደንቡ ቀላል ነው፤ በክብደት የሚበዛው ቀድሞ ይጻፋል። የጓደኛዬ «ክብደት ጨማሪ» ጣሳ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ማልቶዴክስትሪን ነው። ይሄ ማለት ከበቆሎ ወይም ከሌላ ተክል ስታርች ተቆራርጦ የሚሠራ ነጭ ዱቄት ነው፤ ሆድ ውስጥ ሲገባ ቶሎ ስኳር ይሆናል። መርዝ አይደለም። ግን ልጁ የጠጣው ባለ 9 ሺህ ብር በሶ ነው። እንደውም በሶው ይሻላል፤ ከገብሱ ጋር አሰሩም ፕሮቲኑም አብሮ ይመጣል፣ ማርና ለውዝ ከጨመርክበት ደግሞ ክብደት ለመጨመር ሌላ ምንም አያስፈልግህም።

ዌይ ፕሮቲን የሚባለውስ? ይህን ስነግራችሁ እናቶቻችሁ እንዳይሰሙ፤ አጓት ነው። አዎ፣ አይብ ሲወጣ የሚቀረው አጓት። እኛ ለጥጃና ለውሻ የምንሰጠውን የፈረንጅ አይብ ፋብሪካዎች ውሃውንና ስኳሩን አጣርተው፣ ፕሮቲኑን አድርቀው ይሸጡታል። ሐቀኛ ሆነን እንነጋገር ካልን እውነተኛው ዌይ ጥሩ ፕሮቲን ነው፤ አይካድም። ጥያቄው ጣሳው ውስጥ ያለው እውነተኛው ነው ወይ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ኬሚስትሪ ልግባ፣ አትሰልቹ። ፕሮቲን የሚለካበት የቆየ ዘዴ አለ። ዮሃን ኬልዳል የተባለ የዴንማርክ ኬሚስት የካርልስበርግ ቢራ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሠራ በ1883 ነው ያወጣው። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዘዴው ፕሮቲኑን ራሱን አይለካም። በምግቡ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ይለካና አብዛኛውን ጊዜ በ6.25 ያባዛዋል። ፕሮቲን ውስጥ ናይትሮጅን ስላለ ማለት ነው። ክፍተቱ ታያችሁ? ናይትሮጅን ያለበት ሌላ ርካሽ ነገር ብትጨምርበት ማሽኑ ፕሮቲን ነው ብሎ ይቆጥርልሃል። አንዳንድ የፕሮቲን ዱቄት አምራቾች ግላይሲንና ታውሪን የሚባሉ ርካሽ ነገሮች እየቀላቀሉ «25 ግራም ፕሮቲን» የሚል ጽሑፍ የለጠፉት በዚህ ቀዳዳ ገብተው ነው። ጣሳችሁ ጀርባ ላይ እነዚህን ቃላት ካያችሁ ጠርጥሩ። ቻይና ውስጥ በ2008 የሆነውም በዚሁ ቀዳዳ ነው። ውሃ የተጨመረበት ወተት በምርመራ ፕሮቲኑ የበዛ እንዲመስል ሜላሚን የሚባል የፕላስቲክ መሥሪያ ኬሚካል ጨመሩበት። 300 ሺህ ገደማ ሕፃናት ታመሙ፣ ስድስቱ ሞቱ። የሕፃን ወተት ላይ ይህን ያደረገ ነጋዴ ካለ፣ ለእኔና ለአንተ ጡንቻ የሚራራ ይመስልሃል?

«ፕሪ ወርክአውት» ስለሚባለው መብረቅ የተሳለበት ዱቄት ብዙ አላወራም። ልብህን የሚያስደልቀው በዋናነት ካፌይን ነው። የቡና አገር ልጅ ካፌይን በጣሳ በዶላር ይገዛል! ሁለት ስኒ ጀበና ቡና ጠጥተህ ግባ፤ አቦል ያንሳል ካልክ ቶና ድገም።

«አሜሪካ የተሠራ ነው፣ እዚያ ቁጥጥሩ ጥብቅ ነው» የሚል ልጅ ሁሌም አይጠፋም። እሺ፣ አሜሪካን እንያት። በ1994 የወጣ ሕግ አላቸው። በዚህ ሕግ መሠረት መድኃኒት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት እንደሚሠራና እንደማይጎዳ እንደሚረጋገጠው፣ ሰፕልመንት አይረጋገጥም። አምራቹ አምርቶ ይሸጣል፤ ጉዳት ከታየ በኋላ ማስረጃ አምጥቶ ማስቆም የመንግሥት ሥራ ነው። ማለትም ዕቃው ሰው ላይ ተሞክሮ ነው የሚታወቀው። «ኤፍዲኤ የተመዘገበ» የሚለውም ማኅተም ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ስሙን አስመዝግቧል ማለት እንጂ ዱቄቱ ተመርምሮ አልፏል ማለት አይደለም።

ኤፌድራ የሚባል ተክል ነበር። ቻይናዎች በባህል ሕክምናቸው ብዙ ዘመን የተጠቀሙበት ነው፤ አሜሪካኖቹ ክኒን አድርገው «ስብ አቃጣይ» ብለው ሸጡት። የባልቲሞር ኦሪዮልስ የቤዝቦል ቡድን ተጫዋች የነበረው ስቲቭ ቤክለር በፌብሩዋሪ 2003 ልምምድ ላይ ሙቀት ጥሎት ሞተ። ኤፌድራ ያለበት የክብደት መቀነሻ ይወስድ ነበር፤ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪምም ኤፌድራው ለሞቱ አስተዋጽኦ ማድረጉን ተናገረ። ዕድሜው 23 ነበር። እዚህ ከተቀመጥነው የብዙዎቻችን ዕድሜ ነው። ኤፌድራ የታገደው በሚቀጥለው ዓመት በ2004 ነው። እስከዚያ ድረስ በየሱቁ እንደ ከረሜላ ይሸጥ ነበር።

ይባስ ብሎ ጀርባውም የሚዋሽበት ጊዜ አለ። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ኤፍዲኤ ከ2007 እስከ 2016 ድረስ ያልተጻፈ መድኃኒት የተደባለቀባቸው ሆነው ያገኛቸውን ሰፕልመንቶች ቆጥሯል፤ 776 ናቸው። በማቅጠኛዎቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ የተገኘው ሲቡትራሚን ነው፤ ልብና ደም ሥር ላይ በሚያመጣው አደጋ ምክንያት በ2010 ከገበያ የወጣ መድኃኒት። በጡንቻ ማሳደጊያዎቹ ውስጥ ደግሞ ስቴሮይድ። እና «ይሄኛው በእውነት ይሠራል!» ሲሉህ፣ የሚሠራው ያልጻፉት ነገር ሊሆን ይችላል። ከእናንተ መካከል ሩጫ ክለብ ለመግባት የምትለፉ አላችሁ፤ ለእናንተ ነገሩ ከገንዘብ በላይ ነው። አበረታች መድኃኒት ደምህ ወይም ሽንትህ ውስጥ ከተገኘ «ጣሳው ላይ አልተጻፈም ነበር» ማለት ነፃ አያወጣህም። ሰውነትህ ውስጥ ለገባው ነገር ተጠያቂው አንተ ነህ፤ የዓለም ሕግ ነው።

የሚያስተዋውቁት ሰዎች ሰውነትስ? «ሊቨር ኪንግ» የሚባለውን ጢማም ሰውዬ ስልካችሁ ላይ ያላየው የለም። ስሙ ብራያን ጆንሰን ነው። ጥሬ ጉበት እየበላ፣ ከነሐሩ «እንደ ጥንት አባቶቻችን ኑሩ» እያለ የደረቀ ጉበት በክኒን ይሸጥ ነበር። ስቴሮይድ ትወስዳለህ ወይ ሲባል አይ ይላል። በ2022 መጨረሻ የራሱ ኢሜይሎች ሾልከው ወጡ፤ ለሆርሞን ብቻ በወር ከ11 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ከዚያ ካሜራ ፊት ቀርቦ አመነ። የደረቀውን ጉበት የገዙት ሰዎች ክንድስ? እንደ ጓደኛዬ ክንድ ነዋ።

«እንደ ጥንት አባቶቻችን» የሚለው ቃል ላይ ትንሽ ልቁም፤ እኛንም የሚይዘን እዚህ ጋ ነውና። እኛ አገራችንን የምንወድ ልጆች ነን። አባቶች ሲባል ልባችን ይከፈታል። ይህን ያወቀ ነጋዴ አሁን የሽፈራውን ቅጠል ፈጭቶ፣ ጥቁር አዝሙድ አሽጎ፣ ላዩ ላይ አንበሳና ባንዲራ ለጥፎ «አገር በቀል! ስኳር፣ ግፊት፣ ውፍረት ደህና ሰንብት!» ይላል። እኛም ፈረንጁን የተቸንበትን አፍ ዘግተን ሼር እናደርጋለን። ሽፈራው ደህና ቅጠል ነው፤ ኮንሶዎች እንደ ጎመን ቀቅለው ይበሉታል። የሚበላ ቅጠል መሆኑ ግን የስኳር ክኒን አያስጥልም። አባቶቻችንም እንዲህ አልነበሩም። ኮሶ ተፈጥሯዊ አይደል? አገር በቀል አይደል? ግን ማንም በየቀኑ ጠዋት አልጠጣውም። ልኩ ነበረው፣ ቀኑ ነበረው፣ የጠጣ ሰው ያን ቀን ሥራ አይወጣም ነበር። ኃይለኛ መሆኑን ያውቁ ነበራ! «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለው ቃል የእነሱ አይደለም።

ያንን ቃል ግን እኔ ተናግሬዋለሁ። እስካሁን ስለ ሻጮች ሳወራ «እነሱ» እያልኩ ነው የመጣሁት። እኔም ሸጫለሁ።

አምና አንዲት የማውቃት ልጅ «ሥራ አለ» ብላ አንድ ሆቴል አዳራሽ ወሰደችኝ። ከረባት ያሠሩ ልጆች፣ ሙዚቃ፣ ጭብጨባ። «ተቀጣሪ አትሁኑ፣ የራሳችሁ አለቃ ሁኑ!» ሥራ ላጣ ሰው ይህ ቃል እንዴት እንደሚጣፍጥ ለእናንተ አልነግራችሁም። ለመጀመር ግን መጀመሪያ ዕቃውን ራስህ ትገዛለህ። ከዚያ አምስት ሰው ታስገባለህ፣ አምስቱም አምስት አምስት ያስገባሉ። ማታ ቤት ገብቼ በወረቀት ሠራሁት፤ 12ኛው ደረጃ ላይ ብቻ 244 ሚሊዮን ሰው ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያን ያህል ሰው የለም። ስሌቱን እያየሁ ገባሁ። ምን ላድርግ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቤት መቀመጥ ሰልችቶኝ ነበር።

አሠልጣኙ ያስተማረንን አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ነገ ስትሰሙት እንድታውቁት። «'ያድናል' አትበሉ፣ ያስጠይቃችኋል። 'ያግዛል'፣ 'ያጸዳል'፣ 'ያነቃቃል' በሉ።»

የኔ ዕጣ የማቅጠኛ ሻይ ነበር። የመጀመሪያ ደንበኛዬ ጎረቤታችን ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው፣ በልጅነቴ አጉርሰው ያሳደጉኝ። ደም ግፊት አለባቸው፣ ሐኪም «ክብደት ይቀንሱ» ብሏቸዋል። «እትዬ፣ ይሄ ተፈጥሯዊ ነው፣ ምንም ጉዳት የለውም» አልኳቸው። «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ አንተ ተምረሃል፣ አንተ ካልክ» አሉና ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ።

በሁለት ሳምንት 3 ኪሎ ቀነሱ። እሳቸውም ደስ አላቸው፤ እኔም ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ግሩፑ ለቀቅኩት፣ ተጨበጨበልኝ። በሦስተኛው ሳምንት ደጃፋቸው ላይ ወደቁ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ «የሚወስዱትን ሁሉ አምጡ» አለ። ልጃቸው የግፊቱን ክኒንና የሻዩን ካርቶን ይዛ መጣች። ሐኪሙ ካርቶኑን ገልብጦ አነበበና አንድ ቃል ላይ ጣቱን አሳረፈ። ሰና ይላል። ሰና የታወቀ ሆድ አስለቃቂ ነው፤ ድርቀት ሲይዝ ለጥቂት ቀን ይወሰዳል እንጂ በየቀኑ አይጠጣም። የእትዬ ክኒን ደግሞ ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ነበር። በአንድ በኩል ሽንት፣ በሌላ በኩል ተቅማጥ፣ ሁለቱም ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን ከሰውነት አጥበው ያወጣሉ። ፖታሲየም ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል። ጠፋ ያልነው 3 ኪሎ በአብዛኛው ውሃ ነበር።

ፖታሲየም ምን እንደሚሠራ እኔ ተምሬያለሁ እኮ። ፈተና ላይ መጥቶ በትክክል መልሻለሁ። ካርቶኑን ግን አንድ ቀን እንኳ አልገለበጥኩትም።

እግዚአብሔር ይመስገን ተርፈዋል። ከሆስፒታል ሲወጡ ብራቸውን ይዤ ሄድኩ። «አንተ ምን ታደርግ፣ አንተም ተታለህ ነው» አሉኝና ቡና አፈሉልኝ። ብሩን አልተቀበሉኝም። ቢቆጡኝ በጣም ይሻለኝ ነበር። ልጃቸው ግን እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም፤ እሷም ልክ ናት።

እንግዲህ «ምን እንብላ ታዲያ?» ማለታችሁ አይቀርም፤ ቶሎ ልበለውና እንበተን። ብረት የሚያነሳ ሰው በኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን በቀን ካገኘ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ መጨመሩ ብዙም ጡንቻ አይጨምርም። 60 ኪሎ ከሆንክ 96 ግራም ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ይሰጥሃል። 100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20 ገደማ። እፍኝ ለውዝ 7፣ ሁለት እንቁላል 12፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8። የቀኑ እንጀራህ ራሱ ከጤፉ 20 ገደማ አለው። ደምሩት፤ 91 ደርሷል። እንቁላሉም ተወዷል፣ አውቃለሁ፤ በጾም ደግሞ እንቁላሉና ወተቱ ይወጣሉ፣ ያኔ ምስሩንና ለውዙን ከፍ ማድረግ ነው። የእኛ ቤት ችግር ሽሮው ቀጥኖ መሠራቱ ነው፤ እናቶቻችንን ወፈር እንዲያደርጉት ለምኑ፣ ወይም ራሳችሁ ሥሩት። ክሪያቲን የሚባለው በጥናት ብዙ ጊዜ ተፈትሾ ለጉልበት ትንሽ እንደሚረዳ የታየ ነው፤ ኩላሊቱን የማያመው ጤነኛ ሰው በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ቢወስድ አልቃወምም። ግን ሽሮ ሳይጠግቡ ክሪያቲን መግዛት ጫማ ሳይኖር ካልሲ መግዛት ነው።

የምር መግዛት የሚፈልግም ካለ በሻንጣ የገባውን አይግዛ። አገራችን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አላት፤ በእሱ በኩል ያላለፈ ዕቃ ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አላየውም። ሻጩን «የምዝገባ ወረቀቱን አሳየኝ» በሉት፤ ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ። መድኃኒት የምትወስዱ፣ ወይም ቤታችሁ ውስጥ የሚወስድ አባትና እናት ያላችሁ፣ ማንኛውንም ሻይም ሆነ ዱቄት ከመጀመራችሁ በፊት ካርቶኑን ይዛችሁ ፋርማሲ ግቡና ጠይቁ። ጥያቄው ነፃ ነው።

አልጋዬ ሥር 11 ካርቶን ሻይ ቀርቷል። ድርጅቱ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎኛል። የሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ፤ እናንተም ቤታችሁ ያለውን ጣሳ፣ ክኒን፣ ሻይ፣ ባዶም ቢሆን ይዛችሁ ኑ። ከሩጫ በኋላ እዚሁ ሣሩ ላይ ተቀምጠን አንድ በአንድ እየገለበጥን እናነባለን። እንግሊዝኛ የሚቸገር አይፈር፣ እየተረጎምን ነው። መነጽር ያላችሁ መነጽራችሁን እንዳትረሱ፤ ጽሑፉ በጣም ደቃቅ ነው። 12 ሰዓት ላይ እንገናኝ፣ በአበሻ ሰዓት ሳይሆን በልክ 12።